እሳት የምትበላው ባልቴት

ቆሰበር
ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፀደይ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ፣ በ1994 ዓ.ም.፣ ስለ ባልቴቷ ዋሻ ጽፈሽ ያመጣሽልኝና ከአሥር ሦስት የሰጠሁሽ ጽሑፍ ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን ያን ደብተር እፈልገዋለሁ። የምፈልገውም ለትዝታ ብዬ አይደለም፤ እሱ ከሌለ ወይ ሰው ይሞትብናል ወይ ዋሻው ይፈርስብናል። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በቅደም ተከተል አስረዳሻለሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንደምን ከርመሻል? የጎዴው ሙቀት በረድ አለልሽ ወይ? ባልደረባሽ ከወሊድ ፈቃድ ተመለሰች ወይስ አሁንም እናቶቹን ሁሉ ብቻሽን ነው የምታዋልጂው? እዚህ ውርጩ ጀምሯል፤ ጠዋት ስንነሳ የድንቹ ቅጠል ነጭ ለብሶ ይጠብቀናል። እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ገበያ የቀረችበት ቀን ግን የለም። እኔም ደህና ነኝ። ይህን የምለው በስልክ እንደማደርገው አንቺን ላለማሳሰብ አይደለም፤ ሐኪም ሳንባዬንም ልቤንም አዳምጦ የነገረኝን ነው የምነግርሽ። ለምን እንዳዳመጠኝ እደርስበታለሁ።

ለምን አትደውልልኝም ትይ ይሆናል። ስንደዋወል አንቺ «ደህና ነኝ አባዬ» ትያለሽ፣ እኔ «እኛም ደህና ነን» እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ባይቆረጥም እኛው እንዘጋዋለን። ደግሞም ያን ጊዜ የተሳሳትኩት በጽሑፍ ነውና ማረምም ያለብኝ በጽሑፍ ነው።

ዋሻውን ካየሽው ብዙ ዘመን ስለሆነ ላስታውስሽ። ከጥርባ በላይ ያለውን ዳገት ግማሽ ሰዓት ያህል ወጥተሽ፣ የቀርከሃው ጫካ ሲያልቅ በስተግራ ታገኚዋለሽ። የአፉ ቁመት ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲም፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ነው። ውስጡ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሰፊና ደረቅ ነው፤ በጠላት ጊዜ ሰው እህሉንና ልጆቹን የደበቀው እዚያ ነው፤ የጋን ስባሪው ዛሬም አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አራት ደረጃ ያህል ዝቅ ይላል። ሦስተኛው በደረት ተስቦ የሚገባበት ነው። እኔ እዚያ የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በመጋቢት።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ይህ ዋሻ በቅርስነት እንዲመዘገብ ስደክም እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። አሥራ አራት ገጽ ሰነድ አዘጋጅቻለሁ። አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው የጥበቃ ደንብም ጽፌያለሁ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «ችቦም ሆነ ማናቸውንም እሳት ይዞ ወደ ዋሻው መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው። ጭሱ ግድግዳውን ያጠቁራል፤ የሌሊት ወፎቹንም ያባርራል። ጎብኚ በባትሪ ብቻ ይጠቀም።» ከአሥራ አንዱ ሁሉ በዚህኛው እኮራ ነበር።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ለሰነዱ የመጨረሻውን ልኬት ልወስድ ከሸዕባን ጋር ወጣሁ። ሸዕባን ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ያለው፣ ከእኔ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው፤ ሁልጊዜ ከረሜላ ይሰጥሽ ነበር። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ሁለት ይዞ መጣ። ከሱቁ የሚሸጠው ነው፤ «ቻይና ነው ግን ጎበዝ ቻይና ነው» ይላል።

ዋሻው አፍ ላይ እትዬ ስሜነሽ ተቀምጠው አገኘናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አፉን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል እንጂ አንደበታቸው እንዳለ ነው። የደረቀ ቀርከሃ አስረው አጠገባቸው አጋድመውታል።

«መምህር፣ ችቦ ይያዙ» አሉኝ።

«እትዬ ስሜነሽ፣ ደንቡን ያውቁታል።»

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ። ዋሻው መቼ አነበበው?»

«ቢያነበውም አይገባውም» አለ ሸዕባን። «መምህር ይኸነው የጻፈው በአማርኛ ነው፤ ባልቴቷ የምትሰማው አገውኛ ነው።»

እሳቸው አልሳቁም። «ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። በጥቅምት አልጠገበችም» አሉ። እኔም ሠላሳ ዓመት እንደማደርገው ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

የመጀመሪያውን ክፍል ለካን፤ ምንም አልሆንንም። ወደ ሁለተኛው ወረድን። ሸዕባን ቆሞ ይጽፋል፤ እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ጥጉ ላይ ጎንበስ አልኩ። ባትሪው ፏ ብሎ ይበራል። ራሴ ከበደኝ፤ ትንፋሼም ፈጠነ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ጠዋት መዋጥ አለመዋጤን ማሰብ ጀመርኩ። ሸዕባን «ስንት ነው?» አለኝ። «አሥራ ሁለት» አልኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ «አሥራ ሁለት» አልኩ። ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ። በኋላ እንደነገረኝ፣ የገባው ያኔ ነው። «ስልሳ ዓመት ሳውቅህ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተናግረህ አታውቅም» አለኝ። በጉልበቴ ስወድቅ የኮቴን አንገት ይዞ ጮኸ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምነግርሽ እሱ እንደነገረኝ ነው። እትዬ ስሜነሽ ችቦውን አቀጣጥለው ገቡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ እሳቱን ዝቅ አደረጉት። ከጉልበታቸው በታች ሲደርስ፣ ሰው እፍ እንዳለበት ሁሉ፣ ጠፋ። ከፍ ያለ ድምፅ እንኳ አላሰሙም። «ሸዕባን፣ ራሱን ወደ ላይ ያዝ። አንተም አትጎንበስ። የወደቀውን ዕቃ ተወው» አሉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ስኳር በሽተኛ፣ አንደኛዋ ዓይነ ደካማ፣ እኔን ሰባ አንድ ኪሎውን ሰውዬ አራት ደረጃ አወጡኝ።

ውጭ ሣሩ ላይ ተጋድሜ ሳስታውክ እትዬ ስሜነሽ ከላዬ ቆመው አዩኝ። ነግሬዎት ነበር ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ባልቴቷ ሽማግሌ አይጥማትም፤ ተፋችዎ» አሉኝ።

ሸዕባን ግንባሬ ላይ ያለውን ባትሪ ፈታልኝ። «ይኸው እስካሁን ይበራል። ጥሩ ዕቃ ነው የሸጥኩልህ» አለ። ከዚያ ፊቱን አዞረ፤ ያለቅስ ነበር መሰለኝ። እኔም አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ሐኪሙ ያዳመጠኝ ለዚህ ነው። አየሽ፣ ደህና ነኝ።

በማግስቱ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደንቡን አነበብኩት። ሰው በባትሪ ብቻ ይግባ ብያለሁ። ጥር ላይ ከዳንግላ ስልሳ ሁለት ተማሪዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ። ስልሳ ሁለቱም በስልካቸው መብራት ሊገቡ ነበር፤ የእኔንም ደንብ አክብረው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አፊያ የምትባል ወጣት መምህርት አለች። ሸዕባን አባቷን ያውቃቸዋልና አስጠራት። አየር የሚለካ፣ በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ይዛ መጣች። ሁለተኛው ክፍል ደረጃ ላይ ቆማ መሣሪያውን በገመድ አወረደችው። ጭንቅላታችን ከፍታ ላይ ዝም አለ፤ ወገብ ላይ ጭር ጭር ማለት ጀመረ፤ ቁርጭምጭሚት ጋ ሲደርስ ያለማቋረጥ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይህ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ አየር ነው» አለችኝ። «ከምንተነፍሰው ይከብዳል። ልክ እንደ ውሃ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።»

«ባትሪው ግን ደህና ይበራ ነበር» አልኳት።

«ባትሪ ምን አገባው፣ ጋሼ? ባትሪ አይተነፍስም። የሚተነፍሰው ችቦው ነው።»

ልጄ፣ አርባ ዓመት ሳስተምር ኖሬ አንዲት ልጅ በሦስት ቃል አስተማረችኝ። እሷ ደግሞ ጠንቃቃ ናት፤ ችቦው ሳይጠፋም አየሩ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል፣ ስለዚህ ችቦ ብቻውን እንደማይበቃ ነግራኛለች። ይህን አጥብቄ ጽፌዋለሁ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

«የዛሬውን ለክቻለሁ። በሐምሌ እስከየት እንደሚሞላ፣ በመስከረም ስንት እንደሚደርስ፣ በየትኛው ወር እንደሚጎድል አላውቅም። ያን ለማወቅ ዓመት ሙሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ መለካት አለብን። ከዚህ በፊት የተለካ ነገር የለም?»

«ነበር» አልኳት።

«የት ነው?»

«አጠብነው።»

ይህን ክፍል አንቺ ከእኔ በተሻለ ታስታውሺዋለሽ፤ ቢሆንም እኔ ራሴ መጻፍ አለብኝ። ግንቦት 1994 ነው። ዋሻውን አንድ ቀን እናስመዘግበዋለን፣ እስከዚያው እናጽዳው ብዬ አርባ ሦስት ተማሪዎች ይዤ ወጣሁ። ውሃ በጀሪካን፣ የፈረስ መቦረሻ ብሩሽ ከየቤታችሁ። በግድግዳው ላይ በጥላሸት የተሰመሩ አግድም መስመሮች ነበሩ፤ አንዳንዱ ከጉልበት ከፍ ይላል፣ አንዳንዱ ከወገብ። እኔ እረኛ ያቆሸሸው ነው አልኩ። አንቺ ክንድሽን አጣጥፈሽ ግድግዳው ፊት ቆምሽ። «አባዬ፣ አያቴ ያሰመረችው ነው» አልሽ። ክፍል ውስጥ አባዬ እንዳትይኝ ከልክዬሽ ስለነበር ልጆቹ ሳቁብሽ። እኔ ደግሞ ብሩሹን እጅሽ ላይ አስቀመጥኩት። እያለቀስሽ ፈተግሽ። ልብሽ እያለቀሰ እንኳ ሥራሽ ንጹሕ ነበር፤ በአንቺ በኩል አንድ መስመር አልቀረም።

ደብተርሽን ያመጣሽልኝ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነበር። መስመሮቹን አንድ በአንድ ለክተሽ፣ አያትሽ በየወሩና በየዓመቱ የነገረችሽን አጠገባቸው ጽፈሽ፣ ሥዕል ሠርተሽ። ግማሹ በአማርኛ፣ አማርኛው ያጠረሽ ቦታ በአገውኛ። አንድ ሙሉ ሳምንት በእጄ ነበረ፤ በትክክል አንብቤው ቢሆን ኖሮ ብሩሽ አልይዝም ነበር። አሁን ሳስበው ካንቺ ጽሑፍ አንድ ቁጥር እንኳ አላስታውስም። የማስታውሰው የራሴን ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው፦ «ጥላሸት ማስረጃ አይሆንም። ተረትን ከታሪክ ለዪ።»

እናቴን ደግሞ ጠይቄያት አላውቅም። የዋሻው ጠባቂ ልጅ መሆኔን መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተመለስኩ በኋላም ማፈሬን በትምህርት ሸፈንኩት። ከእራት በፊት አንቺን አጠገቧ አስቀምጣ ስታወራሽ እኔ ግድግዳው ማዶ ፈተና አርም ነበር። ሳልፈልግ የሰማሁት ትንሽ አለ። ባልቴቷ በክፉ ቀን ከመንደር የተባረረች መበለት ናት፤ የመጨረሻ ፍሟን ይዛ ዋሻው ገባች፤ ፍሟ ሲጠፋባት ከገባ ሰው ሁሉ እሳት ትለምናለች። ጠግባ ከሆነ እሳትህን ትተውልሃለች፤ ርቧት ከሆነ ከእጅህ ትበላዋለች። ከበላችብህ ከአሮጊት ጋር አትከራከር፤ ቀጥ ብለህ ቆመህ ተመለስ፤ የወደቀብህን ለማንሳት አትጎንበስ። እኔ እንግዲህ ጎነበስኩ።

እትዬ ስሜነሽ እንደነገሩኝ፣ ዋሻውን የሚጠብቁት ሴቶች በየዓመቱ፣ ክረምት ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ደግሞ በበጋ፣ ችቦ ዝቅ እያደረጉ ይገቡ ነበር። እሳቱ የጠፋበት ከፍታ ላይ በችቦው ጫፍ ያሰምሩ ነበር። አፏ እስከዚህ ደረሰ ለማለት ነው። አፊያ ይህን ስነግራት ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚያ «ጋሼ፣ እናትዎ የእኔን ሥራ ነው ሲሠሩ የኖሩት» አለችኝ። እናቴ ፊደል እንደማትለይ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ከእትዬ ስሜነሽ ጋር፣ አሁን በችቦም በመሣሪያም፣ የመጀመሪያውን ክፍል ግድግዳ ጥግ ጥጉን ፈተሽን። ከአንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ጀርባ፣ ብሩሽ ካልደረሰበት፣ ሁለት መስመር አገኘን። አንዱ ከወለሉ ሃምሳ አራት ሳንቲም ሜትር ነው። ይህ በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ሁላችንም ደህና ነው በምንለው። ለትልቅ ሰው ጉልበት ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን ከወገብ በላይ ነው፤ ቁጭ ካለም አፍንጫው ድረስ ይደርሳል። የየትኛው ወር እንደሆነ ብጠይቃቸው እትዬ ስሜነሽ በጣታቸው ዳሰሱትና «ይህ የእናትዎ እጅ ነው፤ እኔ ከመያዜ በፊት ነው» አሉኝ። የማላውቀውን ነገር ስፋት ያየሁት ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ዋሻውን ለማስመዝገብ ለተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ ለደረሰ ነገርኩት። ደረሰ የአንቺ ክፍል ተማሪ የነበረው ነው፤ በሂሳብ ደካማ፣ በንግግር ብርቱ። ችግሩን እሱ አልፈጠረውም፤ የድንጋይ ካባ የሚፈልጉ ወጣቶች ተደራጅተው ዳገቱን ጠይቀዋል። ዋሻው እስከ ታኅሣሥ 20 ካልተመዘገበ ዳገቱ ለእነሱ ይሰጣል። የመጀመሪያው ፈንጂ ሲጮህ ዋሻው አይኖርም።

«መምህር፣ ሰነዱን ይፈርሙልኝ» አለኝ። «አንቀጽ አራትን ይሰርዙና ይፈርሙ፤ አለቀ።»

«ሰርዤ በምትኩ ምን ልጻፍ? የትኛው ክፍል በየትኛው ወር እንደሚዘጋ አላውቅም።»

«ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው ይበሉ።»

«እንዲያ ካልኩ ይመዘግቡታል?»

ራሱን አከከ። «አይ፤ ሰው የማይገባበት ጉድጓድ ለምን ቅርስ ይባላል ይላሉ። እንግዲያው በግምት ይጻፉት።»

«ደረሰ፣ በግምት ስትመልስልኝ ስንት እሰጥህ ነበር?»

«ዜሮ» አለ፤ ከዚያ ሳቀ። «አንድ ጊዜ ግን አንድ ሰጥተውኛል፤ ስሜን በትክክል ስለጻፍኩ።» ሳቁ ሲያልቅ ግን ድምፁ ተለወጠ። «እነዚያ ካባ የሚፈልጉት ልጆችም እኮ የእርስዎ ተማሪዎች ናቸው። ሥራ የላቸውም። ታኅሣሥ 20 ሲደርስ ምን ብዬ ልከላከላቸው?»  

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ በግምት ከፈረምኩ የሰው ልጅ ይሞታል፤ ካልፈረምኩ የእናቴ ዋሻ ጠጠር ይሆናል። አፊያ የምትለው፣ ያን ጊዜ የለካሽው በእጇ ከገባ፣ ራሷ ከምትለካው ጋር አስተያይታ ለጊዜው የሚሆን እውነተኛ ደንብ ልትጽፍ ትችላለች፤ የትኛው ወር ክፍት፣ የትኛው ዝግ፣ ሦስተኛው ክፍል ምን እንደሆነ። እኔም በሕሊናዬ እፈርማለሁ። ያ ልኬት ያለው ባንቺ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው።

ደብተሩ ሽፋኑ ሰማያዊ ነበር፤ ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ አለበት። ኮሌጅ ስትገቢ ከመጽሐፎችሽ ጋር ይዘሽው እንደሄድሽ እናትሽ ትምላለች። «ፀደይ የተናቀባትን ነገር አትጥልም» ትላለች። ሳላዳምጥ የማርም ሰው መሆኔን በዚህ ሰሞን ደጋግማ አስታውሳኛለች፤ ከዋሻው ያመጣሁትን ጭቃ ከኮቴ ስታራግፍ «ለአገሩ ልጅ ሁሉ ማርክ ስትሰጥ እናትህን ግን ሳታነብ ነው የጣልካት» አለችኝ።  ከሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር በኋላ ዝም ማለት ያለብኝን ቦታ አውቃለሁ።

ካለሽ፣ እያንዳንዱን ገጽ ቀን ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ለሸዕባን ላኪለት። ጥጎቹ እንዳይቆረጡ ተጠንቀቂ። በሥዕሉ ላይ ከየት ጀምረሽ እንደለካሽ፣ ከወለሉ ነው ወይስ ከደረጃው፣ ካስታወስሽ ጻፊልኝ። አገውኛውን ለእትዬ ስሜነሽ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይፈቱልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ይህን ጊዜ አንድም ቃል አላርምም።

ከሌለሽ፣ ጠፍቶ ከሆነ፣ ወይም ተናደሽ አቃጥለሽው ከሆነ፣ ያንንም ንገሪኝ። አልቀየምሽም። አያትሽ ያወራችሽን ያስታወስሽውን ያህል ጻፊልኝ፤ ሦስት መስመርም ቢሆን። ሌላም ፈቃድ እጠይቅሻለሁ። በሰነዱ ላይ ልኬቱን የወሰደው ሰው ስም የሚሞላበት ቦታ አለ። እስካሁን የእኔ ስም ነበረበት፤ ሰርዤዋለሁ። የእናቴንና የእትዬ ስሜነሽን ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። ያንቺን እንድጽፍ ትፈቅጂልኛለሽ? ካልፈቀድሽ ባዶውን ይቆያል፤ የእኔ ግን አይመለስበትም።

እናትሽ አንድ ነገር ጨምር ብላኛለች፤ መልእክት ስለሆነ አደርሳለሁ። «ደብተሩን በስልክ እንዳትልከው፣ በእጇ ይዛው ትምጣ በላት» ነው ያለችው። ሥራሽን አውቃለሁ፣ መንገዱንም አውቃለሁ። ከመጣሽ ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። እኔ ነይ አላልኩሽም፤ ይህን የምትለው እናትሽ ናት። አልጋሽ ግን ሁልጊዜ እንደተነጠፈ ነው፤ ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ።

እስከዚያው ዋሻው አፍ ላይ እትዬ ስሜነሽ አሉ። እኔም ከቁርስ በኋላ እወጣና አጠገባቸው እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ላይ የመጣሁት ሰው እንዳይገባ ለመጠበቅ ነበር። አሁን እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። የማይገባኝ ቃል ሲኖር እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም «የማን ልጅ ነህ አንተ» ብለው ይስቁብኛል። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ «እርስዎ» ማለቱን ትተው እንደ ልጅ አንተ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ደስ ይለኛል።

የምታዋልጂያቸውን ሕፃናት ሁሉ በደህና ያውጣልሽ። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም። የአያትሽ ምርቃት ከእኔ ምርቃት ቀድሞ ያግኝሽ፤ እሷ ከእኔ ይልቅ ታውቅሽ ነበርና።

ፀደይ፣ ታኅሣሥ 20 ሃያ ስድስት … አይ፣ ኅዳር ሠላሳ ነውና ሠላሳ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ደብተሩ ኖረም አልኖረም፣ ተቆጥተሽም ቢሆን፣ ደብዳቤው እንደደረሰሽ መልስሽን ጻፊልኝ።

አባትሽ
ይኸነው